አህጉራት መንቀሳቀሳቸውን በገዛ እጃችሁ አረጋግጡ፦ ከመቀስ እስከ ፈንታሌ

የምጽፈው ከአዳማ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬት አላርፍ ሲል እዚህም ሌሊት አልጋ ይነቀነቅ ነበር። ጠዋት ክፍል ስገባ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ አፍሪካ ለሁለት ልትከፈል ነው የሚባለው እውነት ነው?» ወላጆችም ይጠይቁኝ ነበር። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ነገ ጠዋት ባሕር የሚገባብን የሚያስመስል ቪዲዮ ሞልቷል።

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ እየተከፈለች ነው፤ ግን እኛ ጋ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። ይህን ግን እኔ ስላልኩ እንዳትቀበሉ። ወረቀት፣ መቀስ፣ ስልክና ከተመቸ የአንድ ቀን መንገድ ካላችሁ ራሳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ከተማሪዎቼ ጋር የምንሠራበት ቅደም ተከተል ከታች አለ። በክፍሌ አንድ ደንብ አለን፤ ማስረጃ ብቻውን ከመጣ በጥርጣሬ እናየዋለን። የማይተዋወቁ ሁለት ሦስት ማስረጃዎች ከየአቅጣጫው መጥተው አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ያኔ እንረታለን። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ መቀስ

የዓለም ካርታ ፎቶ ኮፒ አስደርጉ። ሉል ካገኛችሁ ይሻላል፤ ጠፍጣፋ ካርታ ቅርጽ ያዛባል። ስስ ወረቀት ሉሉ ላይ ለጥፋችሁ ደቡብ አሜሪካንና አፍሪካን ገልብጡና ቁረጡ። ስታገጥሟቸው የብራዚል ትከሻ ወደ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። አብርሃም ኦርቴልየስ የተባለ ካርታ ሠሪ ይህን በ1596 አስተውሏል፤ አዲስ ነገር አይደለም።

ልጆቹ እዚህ ጋ ቅር ይላቸዋል። እዚህ ክፍተት፣ እዚያ መደራረብ አለ። የቆረጥነው የባሕሩን ዳርቻ ስለሆነ ነው። ዳርቻው የውሃው ከፍታ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። የአህጉሩ ጠርዝ ያለው ውሃው ውስጥ ነው። ጉግል ኧርዝን ክፈቱና ፈዛዛው ሰማያዊ በድንገት የሚጠቁርበትን መስመር ተከተሉ። ኤድዋርድ ቡላርድና ባልደረቦቹ በ1965 በኮምፒዩተር ያገጣጠሙት 900 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያለውን ጠርዝ ነው፤ ክፍተቱና መደራረቡ በጣም አነስተኛ ሆነ። እናንተም በዚያ መስመር እንደገና ቁረጡ።

ቀጥሎ የራሳችንን ሰፈር እንሞክር። የዓረብን ምድር ቁረጡና ቀይ ባሕርን ዝጉ። ከሱዳን አንሥቶ ወደ ደቡብ ደህና ይሄዳል። ወደ ታች ስትደርሱ ግን የየመን ጥግ አፋር ላይ ይወጣል። እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አስቡ። ተማሪዎቼ ወዲያው «አልገጠመም፣ ውሸት ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ ያኔ አፋር ቦታው ላይ ነበር ወይ?

አልነበረም። የአፋር ዝቅተኛ ምድር አብዛኛው የተሠራው ዓረብ መራቅ ከጀመረች በኋላ ከሥር በወጣ ቅልጥ አለት ነው። የደንከል ተራሮች ያረጀ ድንጋይ ቢኖራቸውም ቀድሞ ከምዕራቡ ደጋ ጋር ተያይዘው የነበሩ ናቸው፤ ተገንጥለው ዞረው ነው አሁን ያሉበት የደረሱት። ስለዚህ አዲሱን የአፋር ምድር ከወረቀቱ ላይ ቁረጡና ጣሉት። ደንከልን ወደ ደጋው አስጠጉ። ከዚያ ዓረብ ትገጥማለች። ለእኔ ከብራዚሉ ይልቅ የሚያረካኝ ይሄኛው ነው።

ድንጋዩና ቅሪተ አካሉ ይስማማሉ?

ቅርጽ በአጋጣሚም ሊገጥም ይችላል። ስለዚህ በተገጣጠሙት ወረቀቶች ላይ ሌላ ነገር ሳሉ። በብራዚልና በደቡብ አፍሪካ ሜሶሶረስ የተባለች ትንሽ ተሳቢ ቅሪተ አካሏ ተገኝቷል። አትላንቲክን ዋኝታ የምትሻገር ፍጡር አልነበረችም። ግሎሶፕተሪስ የተባለው ተክል ቅጠል ደግሞ በደቡብ አሜሪካ፣ በአፍሪካ፣ በሕንድ፣ በአውስትራሊያና በአንታርክቲካ አለት ውስጥ አለ። እነዚህን በቀለም ስታጠቁሩ ነጥቦቹ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ሳይቋረጡ ያልፋሉ።

እኛም አገር ማስረጃ አለን፤ በቂ ሰው አያውቀውም። ትግራይ ውስጥ ከዐድዋ ብዙም በማይርቀው እዳጋ ዓርቢ አካባቢ የበረዶ ግግር ጥሎት የሄደ አለት አለ። ዕድሜው 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ሲታይ የደረቀ ጭቃ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ልዩ ልዩ ዓይነት ድንጋዮች፣ ትልቁም ትንሹም፣ ያለ ሥርዓት ተሰግስገዋል። ወንዝ እንዲህ አያደርግም። ወንዝ ያበጥራል፤ ጠጠሩን ለብቻ፣ አሸዋውን ለብቻ ያስቀምጣል። በረዶ ግን ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ሲቀልጥ እንዳለ ይጥለዋል። የዚያ ዘመን የበረዶ አሻራ በደቡብ አፍሪካ፣ በብራዚል፣ በሕንድና በአውስትራሊያም አለ። አህጉራቱን ዛሬ ባሉበት ትታችሁ በረዶውን ብታለብሱ የምድር ወገብ ላይ ሳይቀር በረዶ ልታነጥፉ ነው። ሰብስባችሁ ወደ ደቡብ ዋልታ ብታስጠጓቸው ግን አንድ ትልቅ የበረዶ ክዳን ይሆናል።

ይህን ሁሉ አሰባስቦ በ1912 በይፋ የተናገረው ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር ነው። ሙያው የአየር ጠባይ ጥናት ነበር። ብዙዎቹ የጂኦሎጂ ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ ምክንያትም ነበራቸው። አህጉርን የሚያህል ነገር ምን ይገፋዋል ሲሉት የሰጠው መልስ ደካማ ነበር። ለግሪንላንድ የገመተው ፍጥነትም እጅግ የተጋነነ ነበር። በ1930 እዚያው ግሪንላንድ በረዶ ላይ ሕይወቱ አለፈ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር አለ፤ የቬገነር ማስረጃ ትክክል ነበር፣ የጎደለው ሞተሩ ነው።

በሁለት ጠረጴዛ መካከል ያለ ውቅያኖስ

ሞተሩን ለማየት ወደ ውቅያኖስ ወለል መውረድ ያስፈልጋል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ አጠገብ ባለ የምርምር ጣቢያ ሜሪ ታርፕ የምትባል ሴት መርከቦች የሰበሰቡትን የጥልቀት ልኬት በእጇ ትስል ነበር። ሴት ስለሆነች መርከቡ ላይ አትወጣም፤ ወረቀቱ ብቻ ነበር የሚደርሳት። በአትላንቲክ መካከል በሚያልፈው የተራራ ሰንሰለት አናት ላይ ሸለቆ አየች። ልክ እንደ ምሥራቅ አፍሪካው ስምጥ ሸለቆ ያለ ሸለቆ። የሥራ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን የሴት ወሬ ብሎ አጣጣለው። በአጠገቧ ደግሞ ሃዋርድ ፎስተር የሚባል ሰው ለሌላ ሥራ የመሬት መንቀጥቀጥ ቦታዎችን በዚያው መጠን ካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ ያስቀምጥ ነበር። ሁለቱን ካርታዎች አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው ከሥር መብራት ሲያበሩበት ነጥቦቹ ሸለቆው ውስጥ ተሰልፈው ቁጭ አሉ። ሂዘን ተረታ። የክፍሌን ደንብ የወሰድኩት ከዚህ ታሪክ ነው።

አሁን እናንተ ሥሩ። ሁለት ጠረጴዛ አጠጋጉና መካከላቸው ወረቀት የምታሳልፍ ቀጭን ክፍተት ተዉ። ሁለት ረጃጅም ወረቀት ውሰዱና ከክፍተቱ ሥር አንጠልጥሉ፤ ጫፋቸው ብቻ ወደ ላይ ይውጣ። አንዱ ተማሪ የግራውን ወደ ግራ፣ ሌላው የቀኙን ወደ ቀኝ ይያዝ። ሁለቱም እኩል ሁለት ጣት ያህል ይሳቡ። ሦስተኛው ተማሪ ከክፍተቱ የወጣውን አዲስ ወረቀት በሁለቱም በኩል ጥቁር ይቀባ። እንደገና ይሳቡ፤ አሁን ነጭ ይተዉት። እንደገና፣ ጥቁር። አሳሳቡን በየጊዜው ለውጡ፤ አንዴ ረዘም፣ አንዴ አጠር ይበል። ሲያልቅ በግራና በቀኝ ያለው የጥቁርና የነጭ ቅደም ተከተል አንድ ዓይነት ይሆናል። የመጀመሪያው መስመር ከሁሉ ርቆ፣ የመጨረሻው ክፍተቱ አጠገብ ይገኛል።

ውቅያኖሱ ላይ የተገኘው ይኸው ነው። ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት የብረት ማዕድናት በዚያን ጊዜ የነበረውን የመሬት መግነጢስ አቅጣጫ ይዘው ይደርቃሉ። መግነጢሱ ደግሞ ሰሜንና ደቡቡን አልፎ አልፎ ይገለብጣል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተገለበጠው ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። መርከቦች መለኪያ ጎትተው ሲያልፉ ከሸለቆው ግራና ቀኝ ተመሳሳይ መስመሮች አገኙ። ፍሬድ ቫይንና ድሩሞንድ ማቲውስ ምስጢሩን በ1963 ጻፉት። ካናዳዊው ሎውረንስ ሞርሊም ለብቻው እዚያው ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር፤ የላከላቸው መጽሔቶች ግን ሳያትሙለት ቀሩ። ስለዚህ አህጉሩ የባሕሩን ወለል እያረሰ አይሄድም። ወለሉ ራሱ ከመሃል እየተወለደ ወደ ሁለት ወገን ይሄዳል፣ አህጉሩ አብሮት ይጓዛል። አህጉርና የባሕር ወለል አንድ ላይ የያዘውን ይህን ግዙፍ ተጓዥ ቁራጭ ነው ፕሌት የምንለው።

የመሬት መንቀጥቀጥ ካርታ በስልክ

የፎስተርን ሥራ ዛሬ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ልትደግሙት ትችላላችሁ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገቡን በነፃ ከፍቶ አስቀምጦታል። ፍለጋው ላይ ከምድር ወገብ እስከ 20 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ35 እስከ 55 ዲግሪ ምሥራቅ ብላችሁ ክለሉ። መጠኑን ከ4 በላይ፣ ጊዜውን ከ1990 ወዲህ አድርጉ። ካርታውን ክፈቱ።

መጀመሪያ የኤደን ባሕረ ሰላጤን ተመልከቱ። ነጥቦቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ያህል ውሃው መሃል ላይ ይደረደራሉ። ከዚያ ቀይ ባሕርን፣ ከዚያ ወደ እኛ የሚወርደውን የሳሳ መስመር ተከተሉ። ሦስቱ የሚገናኙት አፋር ላይ ነው። ዓረብ፣ ኑቢያና ሶማሊያ የሚባሉት ሦስት ፕሌቶች እዚያ ይለያያሉ። አዲስ አበባ ያለችው በኑቢያ ላይ ነው፤ ሐረርና ባሌ በሶማሊያው። የአገር ወሰን ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ስሙ ብዙ ሰው ስለሚያደናግር በክፍል ውስጥ አስቀድሜ እናገራለሁ። በ1961 ማጀቴን ያወደመው የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥና በ1969 ሰርዶን ያፈረሰውም በእነዚሁ መስመሮች ላይ የተነሡ ናቸው።

ጂፒኤስ፦ የስልካችሁን ሳይሆን የአዲስ አበባውን

አንዳንድ ተማሪ ስልኩን አውጥቶ ቤቱ መንቀሳቀሱን ሊለካ ይሞክራል። አይሆንም። የስልክ ጂፒኤስ በሜትር ይሳሳታል፤ እኛ የምንፈልገው ሚሊ ሜትር ነው። ለዚህ መሬት ላይ ተተክለው ዓመት እስከ ዓመት የሚለኩ ጣቢያዎች አሉ። አዲስ አበባ ያለው ጣቢያ በዓለም አቀፍ መረብ ውስጥ «አዲስ» በሚል በአራት የላቲን ፊደል ኮድ ተመዝግቧል። የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የጂኦዴሲ ላቦራቶሪ ግራፉን በነፃ ያሳያል።

ሦስት ግራፍ ታገኛላችሁ፦ ወደ ሰሜን፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ላይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ማስመሪያ አድርጉና የአሥር ዓመቱን ለውጥ ለአሥር አካፍሉ። ሁለቱን ስትደምሩ (በፓይታጎረስ ደንብ ነው፣ ዝም ብሎ መደመር አይሆንም) አዲስ አበባ በዓመት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እንደምትጓዝ ታያላችሁ። ከስምጥ ሸለቆው ማዶ ያለው የምሥራቁ ደጋም ወደዚያው ይሄዳል፤ ግን በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ልዩነት ወደ ምሥራቅ ይርቃል። ስምጥ ሸለቆን የሚከፍተው ያ ልዩነት ነው። ዓረብ ከኑቢያ የምትርቀው ደግሞ ከዚህ ከሦስት እጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ አፋር ላይ በዓመት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል።

እስቲ «ነገ እንሰነጠቃለን» ለሚለው ሒሳብ ሥሩ። በዓመት 5 ሚሊ ሜትር በ100 ዓመት ግማሽ ሜትር ነው። 5 ኪሎ ሜትር ለመክፈት አንድ ሚሊዮን ዓመት ይፈልጋል። የተማሪዎቼን ወላጆች ጥያቄ የመለስኩት በዚሁ ነው፤ ቀጥዬም የተናገርኩት ከመሬቱ መከፈል ይልቅ የቤታቸው ግድግዳና ዓምድ እንዲያሳስባቸው ነው። መካከለኛ መንቀጥቀጥ ደካማ ቤትን ያፈርሳል፤ እሱ የዛሬ ጉዳይ ነው።

ሌላም ሒሳብ አለ። ከናሚቢያው ዋልቪስ ቤይ እስከ ሪዮ ዴ ጄኔሮ በጉግል ኧርዝ ማስመሪያ ለኩ፤ ወደ 5,900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሳተላይት ሁለቱ አህጉራት ይራራቃሉ በሚለው ፍጥነት፣ በዓመት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ብታካፍሉት 148 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይመጣል። ድንጋዩ ደግሞ ደቡብ አትላንቲክ መከፈት የጀመረው ከ130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው ይላል። ልዩነቱ አያስደንግጣችሁ። የለካነው ከዳርቻ እስከ ዳርቻ ነው፣ ጠርዙ ደግሞ ውሃ ውስጥ ነው፤ ፍጥነቱም በየዘመኑ እኩል አልነበረም። ሳተላይቱና ድንጋዩ ሳይመካከሩ ይህን ያህል መቀራረባቸው ነው ቁም ነገሩ።

ዝግታው ሁልጊዜ ዝግታ ሆኖ አይቀጥልም

ሚሊ ሜትሩ አማካይ ነው። መሬቱ ለዘመናት ሲለጠጥ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይለቃል። በሴፕቴምበር 2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ የሆነው ይህ ነው። 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ቅልጥ አለት ከሥር ገባና መሬቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ዳኡሬ በተባለው ቦታ መሬቱ ተሰንጥቆ አመድ ወጣ። ሳተላይት ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ ያነሣቸውን የራዳር ምስሎች በማነጻጸር ነው ልኩ የታወቀው። ስምንት ሜትሩን በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር አካፍሉት፤ የ400 ዓመት ጉዞ ነው። በ2025 መጀመሪያ እኛን ያናወጠንም ከፈንታሌ እስከ ዶፈን ከመሬት ሥር የገባ ቅልጥ አለት ነበር።

የአንድ ቀን መንገድ፦ ከአዳማ ወደ መተሐራ

መሄድ ከቻላችሁ ይሄን አታሳልፉት። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ በጠዋት ተነሡ፣ ውሃ በብዛት ያዙ። ማስታወሻ ደብተርና ኮምፓስ ያለው ስልክ ይበቃል።

ወለንጪቲን ስታልፉ በቀኝ ቦሰት ተራራ ይታያል። በየቦታው ሬድ አሽ የሚዛቅባቸው ትናንሽ ክብ ኮረብታዎች አሉ፤ ለመንገድና ለብሎኬት የምንጠቀምበት ቀይ ጠጠር የእሳተ ገሞራ ትፋት ነው። ኮረብታዎቹ ዝም ብለው አልተበተኑም፤ መስመር ይዘዋል። ሥራቸው ስንጥቅ ስላለ ነው። መሄድ ያልቻለ ሰው ጉግል ኧርዝ ላይ ኮረብታዎቹን ነጥብ እያደረገ ሊያገናኛቸው ይችላል፤ ያው ነው።

ወደ መተሐራ ስትቃረቡ መንገዱ በበሰቃ ሐይቅ በኩል ያልፋል። ሐይቁ ከ1960ዎቹ ወዲህ እጅግ ሰፍቶ መንገዱንም ባቡሩንም አስቸግሯል። ብዙ አስጎብኚ «መሬት እየተከፈተ ስለሆነ ነው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በዓመት 5 ሚሊ ሜትር የሐይቅን ስፋት በአንድ ሰው ዕድሜ እንዲህ አያበዛውም። ዋናው ተጠርጣሪ ከመስኖ እርሻ የሚሰርገው ውሃና የከርሰ ምድር ውሃው መጨመር ነው። ሁሉንም ነገር ለፕሌት ከሰጠነው እውነተኛው ማስረጃም ይረክስብናል።

በግራ ያለው ትልቁ ተራራ ፈንታሌ ነው። ከ2025ቱ መንቀጥቀጥ በኋላ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ሳትይዙ ወደ ግርጌው አትጠጉ፤ የከረዩ አርብቶ አደሮች የትኛው ስንጥቅ አፉን እንደከፈተ ያውቃሉ። ልጆችን ወደ ስንጥቅ ጠርዝ አታስጠጉ። ለእኛ ሥራ ከሩቅ የሚታየው በቂ ነው፦ ሜዳው ላይ መሬቱ እንደ እርከን አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። እያንዳንዷ ዝቅታ የመሬት ስብራት ናት። ከጎኗ ቁሙና ስልካችሁን ወደምትረዝምበት አቅጣጫ አነጣጥሩ። ጥቁሩ ድንጋይ ብረት ስላለበት ኮምፓሱን ያሳስታል፤ ስልኩን መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ ቆማችሁ ያዙት፣ አስቀድማችሁም በአየር ላይ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እያዞራችሁ አስተካክሉት። ከመኪናውም ራቁ።

ብዙ ስብራት ላይ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። በዚህ በወንጂ የስብራት ቀበቶ ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከሰሜን ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። አሴላ በኩል ያለውን ትልቁን ገደል የለካ ሰው ከዚህ የሰፋ ቁጥር ያገኛል፤ ያኛው ስብራት የቆየ ስለሆነ ሁለቱን አትደባልቁ። አማካዩ ላይ 90 ደምሩ። መሬቱ የሚከፈትበት አቅጣጫ ያ ነው፤ ምሥራቅ ሆኖ ትንሽ ወደ ደቡብ ያለ። ቤት ስትመለሱ ከጂፒኤሱ የመጣውን፣ የምሥራቁ ደጋ ከአዲስ አበባው ወገን የሚርቅበትን አቅጣጫ ከጎኑ ጻፉ። እሱም ምሥራቅ ሆኖ ጥቂት ዲግሪ ወደ ደቡብ ይላል። ልዩነቱ ከ20 ዲግሪ ከበለጠባችሁ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኮምፓሱ ነው፤ ድንጋዩ አጠገብ የተለኩትን ሰርዙና በቀሩት እንደገና አስሉ።